ባሕር የሌለው ሰው ስለ ዓሣ ነባሪ ምን አገባው?

ቪዲዮው አርባ ሰከንድ አይሞላም። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት፣ በረንዳ ላይ ቡና ይዘን ተቀምጠን ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ባሕሩ ቀይ ነው። እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ የገቡ ሰዎች ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ነገር በገመድ ይጎትታሉ፤ ሕፃናት ዳር ቆመው ያያሉ። «አረመኔዎች!» አለ የስልኩ ባለቤት። አጠገቡ ያለው ጓደኛው የጫቱን ቀንበጥ እየመረጠ «አንተ ለዐረፋ ስንት በግ አረድክ?» አለው። ሦስተኛው ክርክሩን ሊዘጋ ፈልጎ ይመስለኛል፣ «እኛ እንኳን ዓሣ ነባሪ ባሕሩም የለንም፤ ምን አገባን?» አለ። አልተዘጋም። ቡናው ቀዝቅዞ ሁለተኛ ታዘዘ።

ሦስቱም ከእውነቱ አንዳንድ ቁራጭ ይዘዋል፤ ግን የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር አልነበረም። በዓለም ላይ ስለ ዓሣ ነባሪ አደን የሚደረገው ክርክርም ግማሽ ጣጣው ይኸው ነው።

ቪዲዮው የፋሮ ደሴቶች ነው። ፋሮ በዴንማርክ ዘውድ ሥር ራሷን የምታስተዳድር፣ ሕዝቧ ከ50 ሺህ ብዙም የማይዘል ትንሽ አገር ናት። ሰዎቹ ፓይለት የሚባሉትን ዓሣ ነባሪዎች መንጋ በጀልባ ከበው ጥልቀት ወደሌለው ዳርቻ ይነዱና እዚያው ያርዷቸዋል። የአደኑ መዝገብ ከ1584 ጀምሮ ተይዟል (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሥጋው በአብዛኛው ለገበያ አይወጣም፤ በድርሻ ተመድቦ ለአዳኙም ለመንደሩም ሰው ይከፋፈላል። ቅርጫ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይህንን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ሴፕቴምበር 12 ቀን 2021 ግን በአንድ ቀን 1,428 ዶልፊኖች ታረዱ። ዳርቻው ላይ የነበረው ሰው ለዚያ ሁሉ እንስሳ አልበቃም፤ ብዙዎቹ ደረቅ መሬት ላይ ሲንፈራገጡ ቆዩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አደኑን ሲደግፉ የኖሩ የፋሮ ሰዎች ሳይቀሩ ደነገጡ፤ መንግሥትም በቀጣዩ ዓመት የዚህን ዶልፊን አደን በዓመት 500 ላይ ገደበው። ልብ በሉ፣ ሰዎቹን ያስደነገጣቸው መገደሉ አልነበረም። አገዳደሉ ነው። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

ወደ ፊት ከመሄዳችን በፊት ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። «ዓሣ ነባሪ» የሚለው ስም ያሳስታል። ግእዙ ዐንበሪ ይለዋል፤ ዮናስ ሦስት ቀን በሆዱ ያደረበት «ዓሣ አንበሪ» እሱ ነው። ዐረቡም ዐንበር ይላል፤ ሽቶ ነጋዴ አንበር ብሎ የሚያውቀው ውድ ነገር የሚገኘው ከአንድ ዓይነት ዓሣ ነባሪ አንጀት ነው። እንስሳው ግን ዓሣ አይደለም። በሳንባ ይተነፍሳል፣ ይወልዳል፣ ያጠባል። በአላስካ በኩል የሚገኘው ቦውሄድ የሚባለው ዝርያ ከ200 ዓመት በላይ መኖር ይችላል፤ አፄ ቴዎድሮስ ሲነግሡ የነበረ ዛሬም በረዶ ሥር እየዋኘ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ሃይማኖቶቻችንም ስለዚህ እንስሳ ዝም አላሉም። ኦሪት ዘሌዋውያን ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውሃ ፍጥረት ስለሚከለክል ኦርቶዶክሱ አይበላውም። በሐረርና በድሬዳዋ በስፋት በሚከተሉት በሻፊዒ መዝሀብ ግን የባሕር አደን የተፈቀደ ነው። በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው፣ አቡ ዑበይዳ የመሯቸው 300 ሰሓቦች ረሃብ ቅጠል እስከማስበላት ሲደርስባቸው ባሕር የተፋውን ዐንበር አግኝተው ለቀናት በልተዋል፤ መዲና ሲመለሱም ነቢዩ ከሥጋው ቀምሰዋል። እንግዲህ አንድ ግቢ ውስጥ ቡና ከሚጠጡ ሁለት ጎረቤታሞች ለአንዱ ክልክል፣ ለሌላው ሐላል የሆነ፣ ሁለቱም ግን በዓይናቸው እንኳ ያላዩት ሥጋ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ብቻ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ዓሣ ነባሪ ተገድሏል። በአንታርክቲካ ዙሪያ የነበረው ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ፣ በተመራማሪዎች ግምት፣ ከ239 ሺህ ገደማ ወርዶ በ1970ዎቹ መጀመሪያ 360 አካባቢ ደርሶ ነበር። ይህን ያደረገው የፋሮ ጀልባ ወይም የግሪንላንድ አዳኝ አይደለም። ፈንጂ የተገጠመለት ሃርፑን የሚባለው ጦር፣ በሞተር የሚሄድ መርከብና ባሕር ላይ እንዳለ የሚያርድ ተንሳፋፊ ፋብሪካ ናቸው። ዘይቱ መብራት አበራ፣ ሳሙና ሆነ፣ የአውሮፓ ሠራተኛ ዳቦው ላይ የሚቀባው ማርጋሪን ሆነ። ብሪታንያ እስከ 1963 ታድን ነበር፤ አውስትራሊያ የመጨረሻውን ጣቢያዋን የዘጋችው በ1978 ነው። ሶቪየት ኅብረት ደግሞ 180 ሺህ ያህል ሳታስመዘግብ ገድላለች፤ ከእነዚህ ውስጥ 242 ሃምፕባክ የሚባሉ ዓሣ ነባሪዎች በ1960ዎቹ አጋማሽ ከዐረቢያ ባሕር የተወሰዱ ናቸው። የዐረቢያ ባሕር ሃምፕባክ እንደ ሌሎቹ ወደ ዋልታ የማይሰደድ፣ ዓመቱን ሙሉ እዚያው የሚውል የብቻው ዘር ነው፤ ዛሬ የተረፈው ከመቶ በታች እንደሆነ ይገመታል።

ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን የተወለደው በ1946 በዋሽንግተን ከተፈረመው ስምምነት ነው። መጀመሪያ ያሰበው ለእንስሳው አልነበረም፤ ዘይቱ ድንገት እንዳያልቅ ገበያውን ሥርዓት ማስያዝ ነበር። በ1982 ግን አባል አገሮቹ ለንግድ የሚደረገውን አደን ለማቆም ድምፅ ሰጡ፤ እገዳው ከ1986 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ኖርዌይ ተቃውሞዋን አስመዝግባ በ1993 ወደ አደኗ ተመለሰች። ጃፓን «ለሳይንሳዊ ምርምር» በሚል ፈቃድ ቀጠለች፤ ሥጋው ግን ከምርምሩ በኋላ ገበያ ይወጣ ነበር። አውስትራሊያ ከሳ ሄግ ያለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በማርች 2014፣ 12 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ በደቡብ ውቅያኖስ የተሰጠው ፈቃድ ለሳይንስ የተሰጠ ነው ሊባል እንደማይችል ወሰነ። ጃፓን በ2019 ከኮሚሽኑ ወጣች፤ ጁላይ 1 ቀን በገዛ ባሕሯ ክልል የንግድ አደን ጀመረች። ማስመሰሉን መተዉ ራሱ አንድ ነገር ነው እላለሁ፤ ቢያንስ የሳይንሱን ልብስ አወለቁት።

«ባሕር የለንም፣ ምን አገባን?» ላለው ልጅ እዚህ ላይ መልስ አለኝ። ሞንጎሊያ ባሕር የላትም፣ ማሊ የላትም፣ ስዊዘርላንድና ኦስትሪያ የላቸውም፤ አራቱም የኮሚሽኑ አባል ናቸው፤ ድምፃቸው እንደ ኖርዌይ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ጃፓን በእርዳታ ድምፅ ትገዛለች ተብላ ለዓመታት ስትወቀስ፣ እሷም ስትክድ ኖራለች። ሌላም አለ። በ1979 በሲሸልስ አቅራቢነት ኮሚሽኑ የሕንድ ውቅያኖስን የዓሣ ነባሪ መጠለያ አድርጎ ሲያውጅ ቀይ ባሕርንና የዐረቢያ ባሕርን ጨምሮ ነው። ከድሬዳዋ ለገሃር ተነስቶ የድሮው ባቡር ሲያልቅ የሚያደርስህ ውሃ፣ ወረቀት ላይ ቢሆንም፣ አደን የተከለከለበት ውሃ ነው።

ሆኖም ቁጥር ብቻውን ክርክሩን አይጨርስም። በሰሜን አትላንቲክ ያለው ሚንኪ የሚባለው ትንሹ ዓሣ ነባሪ ብዙ ነው፤ ኖርዌይ የምታድነው እሱን ነው፤ በምትወስደው መጠን ዘሩ ይጠፋል ብሎ የሚከራከር ባለሙያ ብዙ አይገኝም። በ1948 የሞተው አሜሪካዊው የደን ባለሙያ አልዶ ሊዮፖልድ ያስተማረውን መንገድ የሚከተል ሰው ዋናው ነገር የማኅበረ ፍጥረቱ ጤና ነው ይላል፤ ለእሱ ከብዙ ሺህ ሚንኪ ጥቂት መቶ መውሰድ ኃጢአት አይደለም። የአውስትራሊያው ፈላስፋ ፒተር ሲንገር መንገድ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ዘሩ ሳይሆን ይህ አንዱ፣ አሁን የሚሠቃየው፣ ምን አደረገ ብሎ ይጠይቃል። እነዚህ ሁለት ሰዎች ሁለቱም «የአካባቢ ተቆርቋሪ» ይባላሉ፤ አንድ ሰልፍ ላይ አብረው ሊጮኹ ይችላሉ፤ ሚንኪ ላይ ሲደርሱ ግን ይለያያሉ።

ለእኛ ሰው የባቢሌን ዝሆን ባስታውስ ይቀላል። በ1970 የተከለለው መጠለያ ውስጥ የቀሩት ዝሆኖች ጥቂት መቶዎች ናቸው፤ እዚያ አንድ ዝሆን በጥርሱ ምክንያት ሲገደል ሁለቱም ወገን አብሮ ያለቅሳል፤ የአንዱ ሞት የዘሩም ሞት ነውና። ኢትዮጵያ በ2015 ከ6 ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ ስታቃጥል የተከራከረ ብዙ አልነበረም። የዐረቢያ ባሕሩ ሃምፕባክ የባቢሌ ዝሆን ነው። የኖርዌዩ ሚንኪ አይደለም። ሁለቱን አንድ ላይ አስሮ «ዓሣ ነባሪ ሊያልቅ ነው» የሚል ሰው መልካም ቢያስብም መረጃው ያጋልጠዋል።

እኔን የሚያሳምነኝ ከቁጥሩ ይልቅ አሟሟቱ ነው። በሬ ሲታረድ ቢላዋው የሚነካው ቦታ ይታወቃል፤ እንስሳው ታስሯል፣ አራጁ ቆሟል። ባሕር ላይ ግን ተኳሹ ከሚወዛወዝ መርከብ ላይ ሆኖ ለአፍታ ብቅ ብሎ የሚጠልቅ ጀርባ ላይ ነው የሚተኩሰው። ኖርዌይ በ2011 እና በ2012 ባደረገችው ክትትል 82 በመቶዎቹ ወዲያው ሞተዋል፤ ይህ እስካሁን ከተመዘገበው ጥሩው ነው። አይስላንድ የምታድነው ፊን የሚባለው ዝርያ በትልቅነቱ ከሰማያዊው ቀጥሎ ያለ ነው፤ የአገሪቱ የምግብና የእንስሳት ጤና ባለሥልጣን የ2022ቱን አደን ሲከታተል 40 በመቶ ያህሎቹ ወዲያው እንዳልሞቱ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ የቆዩም እንዳሉ ዘገበ። በዚያ ምክንያት ሚኒስትሯ በጁን 2023 አደኑን ለወራት አገዱት፤ ጥብቅ መመሪያ ወጥቶ እንደገና ተከፈተ፤ በዲሴምበር 2024 ደግሞ የአምስት ዓመት ፈቃድ ተሰጠ።

ይህ መከራከሪያ ከአውሮፓ የመጣ አይደለም። ቢላዋህን ሳል፣ የምታርደውን አሳርፈው የሚለው ሐዲስ ሐረርጌ ውስጥ ያለ አራጅ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ቢላዋውን እንስሳው እያየ የሚስል አራጅ በሽማግሌ ይገሠጻል። ከአስሩ አራቱ ሳይሞቱ የሚቆዩበትን ቄራ የመጋላ ሰው አንድ ቀን አይታገሠውም። አይስላንድን የምወቅሰው በዚህ ሚዛን ነው፤ እንጂ ዓሣ ነባሪ ብልህ ነው፣ ይዘፍናል በሚለው አይደለም። ብልህነት የሥቃይ መለኪያ ቢሆን ለሞኝ በግ ማን ይቆምለታል?

ሚዛኑ ደግሞ ወደ እኛም ይዞራል፤ የፋሮ ሰዎች ሲወቀሱ የሚመልሱት ይህንኑ ነው። «የእኛ እንስሳ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ነፃ ሆኖ ኖረ፤ የእናንተ ዶሮ ፀሐይ አይታ ታውቃለች?» ይላሉ። እውነት ብለዋል። ባለፈው ሳምንት ከሐረር ስወርድ ደንገጎ ቁልቁለት ላይ አንድ አይሱዙ ከፊታችን ነበር። ፍየሎቹ በሁለት ፎቅ ታጭቀዋል፤ አንዷ እግሯ በፍርግርጉ ሾልኮ በየኩርባው ከብረቱ ጋር ይጋጫል። ሾፌራችን ጥሩምባ ነፋ፤ አይሱዙው መንገድ ልቀቅ የተባለ መስሎት ጠርዝ ያዘ፤ አለፍነው። ለፍየሏ የተናገረ የለም፣ እኔም ጭምር።

ሦስተኛው የክርክሩ ገመድ ማን ይፍረድ የሚለው ነው፤ ይኸኛው እኛን በቀጥታ ይነካናል። በ1977 ፈረንሳዊቷ ተዋናይ ብሪዢት ባርዶ ካናዳ በረዶ ላይ ከነጭ የአቆስጣ ግልገል ጋር ሆና ፎቶ ተነሳች። (አቆስጣ ብዬ የምጠራው በእንግሊዝኛ ሲል የሚባለውን ነው፤ በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ «ሲል» ብዬ ብጽፈው ማን ሲል? ትሉኛላችሁ።) አውሮፓ በ1983 የግልገሎቹን ቆዳ አገደች፤ በ2009 እገዳውን ወደ ሁሉም የአቆስጣ ምርት አሰፋችው። በሰሜኑ በረዶ አገር ለሚኖረው ነባር የኢኑዊት ሕዝብ በወረቀት ልዩ ፈቃድ ነበረ፤ ገበያው ግን ልዩነት አያውቅም፤ ዋጋው ሲወድቅ የነሱም አብሮ ወደቀ። ኢኑዊት ግልገል አያድኑም ነበር። ስንዴ በማይበቅልበት፣ አንድ ጎመን በአውሮፕላን በሚገባበት አገር ሥጋውን በልተው ቆዳውን ሸጠው ለጀልባቸው ቤንዚን ይገዙ ነበር እንጂ። ግሪንፒስ ካናዳ ለደረሰባቸው ጉዳት ይቅርታ የጠየቀው በ2014 ነው።

ይህ ታሪክ የጥርኝን ነገር ያስታውሰኛል። ሐረር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከቡናና ከዝሆን ጥርስ ጋር ለሽቶ የሚሆነውን የጥርኝ ዝባድ ትነግድ ነበር። ጥርኙ በጠባብ የእንጨት ጎጆ ይያዛል፣ ቂቤና ገንፎ ይበላል፣ በየተወሰነ ቀኑ ዝባዱ ይወጣለታል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የውጭ የእንስሳት መብት ተሟጋቾች ይህን አይተው ጮኹ፤ ገበሬው ምንም ሳይጠየቅ ገበያው ቀዘቀዘ። ጥርኙ በዚያ ጎጆ መሠቃየቱ ሐሰት ነው አልልም፤ አንዴ ያየ ሰው እንዲያ ብሎ አይከራከርም። ነገር ግን ሽቶውን ለዘመናት የተቀባው፣ ሰው ሠራሽ ምትክ ሲያገኝ የሚፈርደውም እሱ፣ ዕዳውን የሚከፍለው የገጠሩ ሰው የሚሆንበት ፍርድ ቅር ያሰኛል። ዓሣ ነባሪም ላይ የሆነው ይኸው ነው። በ1970ዎቹ ምዕራቡ ዓለም የሃምፕባክን ዜማ በሸክላ ሰምቶ ልቡ ሲነካ ዘይቱን በነዳጅ ከተካው ቆይቷል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የአላስካው ነው። በ1977 ኮሚሽኑ ቦውሄዱ በጣም ጥቂት ብቻ ቀርቷል ብሎ የአላስካ ነባር ሕዝብ የሆኑትን ኢኑፒያት አዳኞችን ጨርሶ አገደ። አዳኞቹ «የምትቆጥሩት ክፍት ውሃ ላይ የሚያልፈውን ነው፤ ብዙው በበረዶው ሥር ያልፋል፣ በአናቱ በረዶ ሰብሮ ይተነፍሳል» አሉ። ማንም አላመናቸውም። የራሳቸውን ኮሚሽን አቋቋሙ፤ ውሃ ውስጥ ድምፅ የሚያዳምጥ መሣሪያ ሲገባ አዳኞቹ ልክ ሆነው ተገኙ። ዘሩ ዛሬ በብዙ ሺህ ይቆጠራል፣ ኮታቸውም እንዳለ ነው።

እንግዲህ በበኩሌ ኢኑፒያትን የሚከስ ሰው ቢመጣ አልተባበረውም። ለጃፓንና ለኖርዌይ መርከቦች ግን የማዘንበት ምክንያት አላገኘሁም። ጃፓን ከጦርነቱ በኋላ ስትራብ ዓሣ ነባሪ ሕዝቧን መግቧል፤ በ1962 ከ200 ሺህ ቶን በላይ ይበላ ነበር። ዛሬ ያ ወደ ሁለት ሺህ ቶን ገደማ ወርዷል፤ አንድ የአገሪቱ የዓሣ ነባሪ አደን ኩባንያ በ2023 ዮኮሃማ ላይ ሥጋውን እንደ ለስላሳ መጠጥ በሽያጭ ማሽን ማቅረብ ያዘ። ኖርዌይም በ2024 ከፈቀደችው 1,157 ግማሹን እንኳ አልያዘችም። ረሃብ የለም፣ ፈላጊ የለም፤ የቀረው እልህ ነው። ፋሮን ደግሞ ከውጭ ጩኸት ይልቅ የሚጎዳው የራሱ ሐኪሞች ቃል ይመስለኛል፤ የአገሪቱ የጤና ኃላፊዎች በ2008 የፓይለት ሥጋ ሜርኩሪ ስላለበት ለሰው ምግብነት አይሆንም ብለው መክረዋል። ሜርኩሪው በአብዛኛው የመጣው ከኢንዱስትሪ አገሮች ጭስና ፍሳሽ ነው፤ ፋሮ ራሷ ከባድ ኢንዱስትሪ የላትም።

ሐረር ሲመሽ ጅቡ በጀጎል ግንብ ቀዳዳ ይገባል። ቀዳዳው የተሠራው ለእሱ ነው። ፍየል ይበላል፣ አንዳንዴም ሰው ይነክሳል፤ ሆኖም ለዐሹራ ገንፎ በቅቤ ይቀርብለታል፣ ዘመኑ ምን ይሆን ተብሎ አበላሉ ይታያል። ማንም «ጅብ ብልህ ነው» ወይም «ጅብ ሊያልቅ ነው» ብሎ አይደለም። ጎረቤት ስለሆነ ነው። የአካባቢ ሥነ ምግባር ሊቃውንት ስለ ዓሣ ነባሪ የሚያወጡት ሚዛን ሁሉ ይህቺን አታውቃትም፤ ምናልባት የፋሮ ሰው ያውቃታል፤ ግን እሱ ጎረቤቱን ይበላዋል።

ክርክሩ እንዲህ ሃርፑን ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ዋናው ገዳይ በጎን አልፏል። የንግድ አደን በቅርብ ዓመታት በዓመት የሚገድለው አንድ ሺህ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። ለሌላ ዓሣ በተጣለ መረብ ተጠላልፈው የሚሞቱት ዶልፊኖችና ዓሣ ነባሪዎች ግን በዓመት ከ300 ሺህ እንደማያንሱ ይገመታል። በሜክሲኮ ካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ የምትኖረው ቫኪታ የምትባል ትንሽ የዶልፊን ዘመድ አሥር ገደማ ቀርታለች፤ እሷን አድኖ የሚበላ ማንም የለም። መርከብም ይገጫል፤ የሞተሩ ድምፅ እርስ በርስ እንዳይሰማሙ ያደርጋል። ስንዴያችንና ነዳጃችን የሚመጣው በኤደን ባሕረ ሰላጤ አልፎ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ቪዲዮውን ለጎረቤታችን አሳየኋቸው። የባቡር ጡረተኛ ናቸው፣ አባባ እንላቸዋለን፤ ጅቡቲ ብዙ ዓመት ተመላልሰዋል። አላስደነቃቸውም። ዶልፊን ከመርከብ ፊት ፊት እየዘለለ ወደብ ሲገባ ስንቴ አይተዋል፤ ዓሣ አጥማጆቹ አይበሉትም አሉኝ።

«መረብ ውስጥ ሲገባስ?»

«መረቡን ቆርጠው ይለቁታል። መረብ ውድ ነው፣ ይናደዳሉ፤ ግን ይቆርጡታል።»

«በሕይወት ከደረሱበት ነዋ?»

«ሌሊት ነው የሚጣለው» አሉ አባባ፣ መነጽራቸውን እያወለቁ። «ጠዋት ነው የሚነሳው።»